መጀመሪያ ቡናውን፣ ከዚያ ጥቅሱን

ጅማ የሚኖር ሰው ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ ቡናው ከደጁ ነው። የሚያስቸግረው ምሳሌውን ሳይቀላ መልቀም ነው። «ቡና እሳት ካላየ መዓዛው አይወጣም፤ አማኝም እንዲሁ» ይባላል፤ ሰሚውም «አሜን» ይላል። ቡና የሚቆሉ እናቶች ግን ሌላም ነገር ያውቃሉ፤ ለእሳት ብቻውን የተተወ ቡና ከሰል ይሆናል። ይህን ሳያውቁ የሚነገር ምሳሌ ግማሽ እውነት ነው። ልጁን ለቀበረ ሰው ሲነገር ደግሞ በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው።

ስለዚህ ለጥናት ቡድናችን ምሳሌ ሳዘጋጅ መጀመሪያ የቡናውን ሥራ ራሱን፣ አንድም የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ሳልቀላቅል፣ ከነመጠኑና ከነጊዜው በደብተር እጽፋለሁ። ቀጥሎ ምን እንደሚበላሽና ለምን እንደሚበላሽ። ጥቅስ የምፈልገው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱንም ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች አንብቤ። መጨረሻ ላይ ምሳሌው የማይገጥምበትን ቦታ አሰፍራለሁ። ይህን የመጨረሻውን መዝለል ይቀናል፤ ስህተቱ በብዛት የሚገባው ግን በዚያው በኩል ነው።

ቁላቱን እንውሰድ። ሁለት እፍኝ ያህል ቡና ይታጠባል፤ ስስ ገለባው በእጅ ታሽቶ ይወጣለታል፤ ምጣዱም በመጠነኛ ከሰል ላይ ይጣዳል። ከሰሉ ከበዛ ፍሬው ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ካነሰ ደግሞ ይደርቅና ጣዕም ያጣል። መንጣጣት እስኪጀምርና ወዙ ብቅ እስኪል የምትቆላዋ እጅ ከማማሰያው አይለይም፤ ቀለሙን እያየች ምጣዱን ታነሳለች፣ ትመልሳለች። ይህን ጽፌ ስጨርስ ሚልክያስ 3፥3 በአዲስ ዓይን ተነበበኝ። ብር አንጣሪው «ይቀመጣል» ይላል። እሳቱ አጠገብ ተቀምጦ የሚጠብቅ አለ፤ ትምህርቱን ያገኘሁት እዚያ ላይ ነው። የማይገጥመው ምንድን ነው? ቡና ከተቆላ በኋላ ይወቀጣል፣ ይፈላል፣ ያልቃል፤ ብር ግን ይጠራል እንጂ አያልቅም። ስለዚህ ቁላቱ ስለ አንጣሪው ትጋት ሊናገርልኝ ይችላል፤ ስለ መከራ ፍጻሜ ግን ቡናውን አልጠራም።

ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ጉንደላ ነው። ያረጀ ቡና ምርቱ ሲቀንስ፣ ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት ደረቅ ወራት ግንዱ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በስለታም መጋዝ ይቆረጣል። ቁርጡ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል አለበት፤ ጠፍጣፋ ከሆነ ውኃ ያቁርና ጉቶው ይበሰብሳል። መጋዙ ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት በእሳት ወይም በአልኮል ይጸዳል፤ አለዚያ ቡና የሚያደርቀው በሽታ በእሱ ይሻገራል። ዝናቡ ሲገባ በጉቶው ዙሪያ ብዙ ቀንበጥ ይፈላል። ሁሉም ያምራል፤ ሁሉም ከተተወ ግን ሁሉም ይቀጥናል። ዝቅ ብለው የወጡ፣ በተለያየ አቅጣጫ የቆሙ 2 ወይም 3 ጠንካሮች ይመረጡና ሌላው ይነቀላል፤ እጅ የሚሳሳውም እዚህ ላይ ነው። ምርት የሚመለሰው ከ2 ዓመት ገደማ በኋላ ስለሆነ አስተዋይ ገበሬ ማሳውን በአንድ ጊዜ አይጎነድልም፤ ከፋፍሎ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይቆርጣል።

ለዚህ ሥራ ብዙ ሰው ዮሐንስ 15ን ይጠቅሳል። አይገጥምም። እዚያ የሚጸዳው ፍሬ እያፈራ ያለው ቅርንጫፍ ነው፤ ጉንደላ ግን ምርቱ የቀነሰውን ግንድ ቆርጦ መጣል ነው። ለዮሐንስ 15 የሚሆነው በየዓመቱ የሚደረገው ገረዛ፣ ማለትም ቅርንጫፍ ማሳሳት፣ ነው። የጉንደላው ጥቅስ ኢሳይያስ 11፥1 ነው፣ ከዳዊት አባት ከእሴይ ግንድ የሚወጣው በትር። ከምዕራፍ 10 መጨረሻ ጀምራችሁ ብታነቡ በብረት የሚቆረጥ ዱር ታገኛላችሁ፤ ለዚያ ዱር ቀንበጥ አልተነገረለትም። ለእሴይ ቤት ግን ተነገረ። ጉቶ አይቶ የማያውቅ አንባቢ «ግንድ» የሚለውን ቃል እንደ ሙሉ ዛፍ ያልፈዋል፤ ጉንደላ ያየ ሰው ግን የዳዊት ቤት ምን ያህል እንደ ተዋረደ ወዲያው ይገባዋል። ልዩነቱ ገበሬው 2 ወይም 3 ቀንበጥ ሲያስቀር ነቢዩ የሚናገረው ስለ አንድ ብቻ መሆኑ ነው።

ሉቃስ 13፥6-9 ለቡና ገበሬ የተጻፈ ይመስላል፤ የሚያታልለውም ለዚህ ነው። የበለሱ ባለቤት 3 ዓመት ፍሬ ፈልጎ አጣ። ቡና ደግሞ ማፍራት የሚጀምረው ከተተከለ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ዓመት ነው። ቡናን በልቡ ይዞ የሚያነብ ሰው ባለቤቱን ችኩል ያደርገዋል፤ ምሳሌው ግን እሱን አይወቅስም። አትክልተኛው ዙሪያውን ልኮትኩትለት፣ ፋንድያም ላፍስለት ይላል። በቡና ይህን ስናደርግ ጥንቃቄ እንጨምራለን፤ የሚመግቡት ሥሮች ከላይኛው አፈር ውስጥ ስለሆኑ ጠልቆ የሚቆፍር ዶማ ይበጥሳቸዋል፤ ግንዱ ላይ የተከመረ ፍግም ቅርፊቱን ያበሰብሰዋል። ፍጉ ቅርንጫፉ ከሚያጠላበት ጠርዝ ሥር ዙሪያውን በክብ ይበተናል። የደከመ ወንድም ወይም እህት ለመደገፍ ስንሄድ ምን ያህል መቅረብ፣ የቱን ጥያቄ አለመጠየቅ እንደሚገባን ከዚህ ብዙ ተወያይተናል።

በማድረቅ ላይ አጭር ልሁን። እሸት ቡና ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ ማድረቂያ አልጋ ላይ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ተሰጥቶ፣ በቀን ደጋግሞ እየተገላበጠ፣ ሌሊትና በዝናብ እየተሸፈነ 3 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ከወፈረ ይሻግታል። በባዶ መሬት ላይ ከተሰጣ የአፈሩን ሽታ ይጠጣል፤ ያም ሽታ እስከ ስኒው ድረስ ይከተለዋል። ክፉ ባልንጀርነት መልካሙን ዓመል ያጠፋል የሚለው 1 ቆሮንቶስ 15፥33 ይገጥማል። የቡናው ሽታ ግን ታጥቦ አይለቅም፤ እዚህ ላይ ካቆምኩ ንስሐን ክጃለሁ። ስለዚህ ከጎኑ ከዚያው መልእክት 6፥11ን እጽፋለሁ፦ «ታጥባችኋል»።

በጥናቱ ምሽት ምሳሌውን እኔ አልጀምርም። ጀንፈሉን (ከነገለባው የደረቀውን ቡና) ወይም ምጣዱን መሐል አስቀምጠን ሥራውን በእጁ የሚያውቅ ሰው 10 ደቂቃ ይናገራል፤ እኔ ከደብተሬ ጋር አስተያያለሁ። የጻፍኩት ከተሳሳተ ጥቅሱም አብሮ ይቀራል፣ የቱንም ያህል ቢያምር። በአንድ ምሽት ከአንድ ምሳሌ በላይ አንይዝም። ጉንደላውን ግን በሁለት እንከፍለዋለን፦ በጥር ማሳው ላይ ቆመን፣ መጋዙ እየሠራ፣ የኢሳይያስ 10ን መጨረሻ እናነብባለን፤ ምዕራፍ 11ን በሰኔ፣ እዚያው ጉቶ አጠገብ ተመልሰን።