ሳልጠራው የገባ ላይብረሪ

ቢልድ (ሶርስ ኮዱን ወደ ፕሮግራም መቀየሩ) ፌል ሲያደርግ ደስ ይለኛል ብል ይሳቅብኛል ግን እውነቴን ነው። ፌል ያደረገውን ሎጉን ከፍተህ ታየዋለህ ታስተካክለዋለህ አለቀ። የሚያናድደኝ ሁሉም አርክቴክቸር (የፕሮሰሰር አይነት) ላይ አረንጓዴ ሆኖ አልፎ ውስጡ ግን የተለያየ ሆኖ የሚወጣው ነው።

ሰሞኑን የያዝኩት ፓኬጅ እንደዛ ነው። ሶርሱ አንድ፣ ቨርዥኑ አንድ፣ ግን የኤኤምዲ64ቱን ባይነሪ በሪድኤልፍ (የባይነሪን ውስጥ የሚያሳይ መሳሪያ) ሳየው ከሉዋጂት (ፈጣኑ የሉዋ ቋንቋ አስፈጻሚ) ጋር ሊንክ ሆኗል፣ የሪስክፋይቭ64ቱ ደሞ ከተራው ሉዋ ጋር። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው፣ ዋናው የሉዋጂት ፕሮጀክት ሪስክፋይቭን አይደግፍም (ኤስ390ኤክስንም እንደዛው)፣ ስለዚ ኮንፊገሩ (ከቢልዱ በፊት ምን ላይብረሪ እንዳለ የሚፈትሸው ስክሪፕት) መጀመሪያ ሉዋጂትን ይፈልግና ሲያጣው አንዲት መስመር ኖ ብሎ ጽፎ ወደ ሉዋ ያልፋል፣ ያቺን መስመር ደሞ በዛ ሁሉ ሎግ መሀል ማን ያነባታል። ጣጣው ተጠቃሚው ጋ ነው የሚደርሰው፣ ሉዋጂት ውስጥ ያለው ኤፍኤፍአይ (የሲ ፈንክሽን በቀጥታ መጥሪያው) ተራው ሉዋ ውስጥ ስለሌለ እዚ የሚሰራው ፕለጊን እዛ ይሞታል፣ ሰውየውም ፕለጊኑን ይሰድባል።

ይሄ እንኳን ላይብረሪው ስለሌለ ነው። የባሰው ማንም ሳይፈልገው ሲኖር ነው። ደቢያን (የሊኑክስ ስርጭት ነው) ላይ ቢልዱ የሚሰራው ንጹህ ኢንቫይሮመንት ውስጥ ነው፣ ግን ቢልድ ዲፔንድስ (ለቢልዱ የሚያስፈልጉ ፓኬጆች ዝርዝር) ላይ የጻፍከው ነገር የራሱን ዲፔንደንሲ ይዞ ይመጣል እሱም የሱን፣ ያ ሰንሰለት ደሞ በየአርክቴክቸሩ ሊለያይ ይችላል። አንዱ ጋ ያላሰብከው ዴቭ ፓኬጅ (በአንድ ላይብረሪ ለመቢልድ የሚያስፈልጉ ፋይሎች ያሉበት) ይገኛል፣ ኮንፊገሩ ሲያየው ፊቸሩን ያበራዋል፣ የደቢያኑ መሳሪያ ዲፒኬጂ ሽሊብዴፕስ ደሞ ባይነሪው የተጠቀመውን አይቶ ዲፔንድስ (ፓኬጁ ሲጫን የሚፈልጋቸው ዝርዝር) ውስጥ ያስገባዋል። የወሰነ ሰው የለም እኮ! ጄንቱዎች (የሌላ ሊኑክስ ስርጭት ሰዎች) ይሄን እንደ ባግ ነው የሚያዩት፣ ልክ ናቸው፣ ፓኬጅ ማኔጀሩ ግንኙነቱን ስለማያውቅ ላይብረሪው ሲጠፋ ፕሮግራሙም አብሮ ይሰበራል።

ክሮስ ኮምፓይል (አንድ ማሽን ላይ ለሌላ አይነት ማሽን መቢልድ) ላይ ደሞ ሌላ ጉድ አለ፣ ኮንፊገሩ የሚሰራት የሙከራ ፕሮግራም የሌላ ማሽን ስለሆነች አትሮጥም፣ ስለዚ ብዙው ስክሪፕት ለጥንቃቄ የለም ብሎ ያልፋል፣ ላይብረሪ የት እንዳለ የሚናገረው ፒኬጂ ኮንፊግ በደንብ ካልተስተካከለ ደሞ የምትቢልድበትን ማሽን ላይብረሪ አይቶ አለ ይልሃል።

አውቶ የሚባለው ነገር (ላይብረሪው ከተገኘ ፊቸሩ በራሱ ይብራ ማለት) ለምን እንደመጣ ይገባኛል፣ ሶርስ አውርዶ ለራሱ ማሽን ለሚቢልድ ሰው ያለው ሁሉ ቢበራለት ምን ይጎዳል። ለሌላ ሰው ፓኬጅ ለሚሰራ ግን አይሆንም፣ ወይ አብራ ወይ አጥፋ ብሎ መጻፍ ነው። ሜሰን (የቢልድ መሳሪያ ነው) ላይ አውቶ የሆኑት በሙሉ በአንድ ኦፕሽን ይቆረጣሉ፣ የፌዶራ (ሌላ የሊኑክስ ስርጭት) የሜሰን ማክሮ እንደውም ሁሉንም ኢኔብልድ ስለሚያደርግ የጎደለ ካለ ቢልዱ ይቆማል። ሌላው የቢልድ መሳሪያ ሲሜክም ከ3.22 ጀምሮ አንድን ፓኬጅ በስሙ ግዴታ የሚያደርግ ቫሪያብል አለው። መከራው አውቶቱልስ (ኮንፊገር ስክሪፕቱን የሚያመነጨው መሳሪያ) ነው፣ አንዳንዱ ኮንፊገር ጭራሽ ማጥፊያ የለውም፣ ፓች ሰርተህ አፕስትሪም (ለፕሮግራሙ ሰሪዎች) ትልካለህ፣ ይሰራል አይደል ምን ችግር አለው ይሉሃል።

የሉዋውን ነገር ሪስክፋይቭ64ንና ኤስ390ኤክስን በስም ጠቅሼ እነሱ ላይ ሉዋ ሌላው ላይ ሉዋጂት ብዬ ቆርጬዋለሁ፣ ኤፍኤፍአይ እዛ እንደሌለም ዲስክሪፕሽኑ ላይ ገብቷል። የቀረኝ የሁሉንም አርክቴክቸር ዲፔንድስ ጎን ለጎን የሚያወዳድር ስክሪፕት ነው፣ በስም ያልተጻፈ ልዩነት ካገኘ ቀይ ያብራ።