የቡናው ግንድ ላይ ያለው አረንጓዴ

ጅማ አካባቢ በአንድ የቡና እርሻ ተቆጣጣሪ ሆኜ የተቀጠርኩበት ክረምት ነው። ዝናቡ አይጣል ነበር። ከዋንዛውና ከብርብራው ጥላ ሥር ያለው አሮጌ ቡና ከታች እስከ ላይ አረንጓዴ ለብሷል። ሳረንስት ነው፤ እርጥብ ቅርፊት ላይ እንደ ምንጣፍ የሚበቅለው ትንሽ ተክል። እኔ ግን ቡናውን እየመጠጠ የሚያከሳው እሱ መሰለኝ። ለቀን ሠራተኞቹ "በገጀራ ፋቁልኝ" አልኳቸው።

እስከ ምሳ ሰዓት ሁለት ረድፍ ተፋቀ። እርሻው ላይ ያረጁ አንድ አባት ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ና እስኪ ይህን እይ።"

ግንዱን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት። ቅርፊቱ ተልጦ ነጩ እንጨት ይታያል። ጣታቸው ረጥቦ ወጣ።

"ቡናን የሚያደርቀው ይሄ ነው። ሳረንስቱ ምን አደረገ?"

ደነገጥኩ። ቡናን የሚያደርቀው የፈንገስ በሽታ የሚገባው በቁስል ነው። ገጀራ ደግሞ ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ያደርሰዋል። ይህን ተምሬዋለሁ እኮ! እዚያች ሰዓት ግን ትዝ አላለኝም።

ያን ቀን ማታ ከተፋቀው አንድ ጭብጥ ይዤ ገባሁና መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። በሳምንቱ ቡናማ ሆኖ ደረቀ፣ ሲነኩት ይፈረፈራል። ከላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ጠብ አደረግኩበት። የተጠቀለሉት ቅጠሎች ዓይኔ እያየ ተዘረጉ፤ ትንሽ ቆይቶ አረንጓዴው ተመለሰ። ሞቷል ብዬ ነበርኮ።

ሳረንስት እንደ ሌላው ተክል ሥር የለውም። ቅርፊቱን የሚጨብጠው ፀጉር በመሰሉ ክሮች ነው፤ የዛፉን ምግብ አይነካም። የዝናቡንና የጉሙን ውሃ በቅጠሉ ይጠጣል። ጅማ አካባቢ ያለው፣ በለጠ የሚባለው ደን የገባ ሰው ዛፎቹ እንዴት እንደለበሱት ያውቃል፤ ጥላና እርጥበት ካገኘ ቤቱ ነው። እርሻችን ውስጥ እንዲያ መወፈሩ የሚናገረው ስለ ጥላው ነበር። ጥላው በዝቷል፣ ቡናውም ሳይገረዝ ከርሟል። ቡናውን ያከሳው ይሄው ነው።

አዛውንቱ ግንዱን ባሳዩኝ ማግስት መፋቁን አስቆምኩ። ገጀራዎቹን በእሳት ለበለብናቸው። የጥላ ዛፎቹን ቅርንጫፍ አሳሳን፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ቡናውን ገረዝን። ለአለቃዬም ትዕዛዙ የእኔ እንደነበር ጽፌ ሰጠሁ። የቆሰሉት ግንዶች ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርን።

በዓመቱ ሦስቱ ደረቁ። ከነሥራቸው ነቅለን እዚያው አቃጠልናቸው። አዛውንቱ አጠገቤ ቆመው ነበር፤ ምንም አላሉኝም። የተረፉትን አሁንም ሳልፍ እነካቸዋለሁ። የአንዱ ቁስል ጠርዝ ላይ ሳረንስቱ ተመልሶ በቅሏል።