3 ጫማ በ17 ሰከንድ

ዛሬ ጠዋት ከሌሊት ፈረቃ እንደወጣሁ በቀጥታ ሰርፍ ወደማደርግበት ዳርቻ፣ ወደ ዊንዳንሲ ነዳሁ። መኪናዬን አቆምኩ፣ ከፔርሙሴ ሻይ ቀዳሁና አለቱ ላይ ተቀምጬ ውሃውን ማየት ጀመርኩ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አየሁ። ከዚያ ቦርዴን፣ ሞገድ ላይ ቆሜ የምንሸራተትበትን ሰሌዳ፣ ከመኪናው ጣሪያ ሳላወርድ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ይህን የሰማች ጓደኛዬ "እንዴ፣ ታዲያ ለምን ደከምሽ?" አለችኝ። በስልክ በደንብ ስላልመለስኩላት እዚህ እጽፍላታለሁ። ባሕር የሚወድ ሌላም ሰው ካለ ያንብበው።

ዊንዳንሲ ካሊፎርኒያ፣ ሳንዲዬጎ ከተማ፣ ላ ሆያ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው። አሸዋው ጠባብ ነው። ከአሸዋው ትንሽ ራቅ ብሎ ውሃው ሥር የተኛ አለት አለ። ሰርፈሮች ሪፍ የሚሉት እሱን ነው። ሪፍ ሲባል ብዙ ሰው ኮራል፣ የባሕር እንስሳት የሚገነቡትን፣ ያስባል፤ የእኛው ግን ድንጋይ ነው። ሞገዱ ከጥልቁ መጥቶ እዚህ አለት ላይ ሲደርስ ከሥሩ ይያዝና አናቱ ወደ ፊት ይደፋል። ቦታው ለምዕራብም ለደቡብም ገላጣ ነው። ፊት ለፊቱ የሚከልለው ምንም ነገር የለም። ዳር ላይ በዘንባባ ቅጠል የተከደነች ጎጆ አለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰርፈሮች የሠሯት ናት። ባሕሩ ከአንድ ጊዜ በላይ አፍርሷታል፣ ሰዎቹም መልሰው ሠርተዋታል። እ.ኤ.አ. በ1998 ከተማው በታሪካዊ ቅርስነት መዝግቧታል። እኔ ሁልጊዜ የምቀመጠው እሷ አጠገብ ነው።

ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ጣና ላይ ዋና የለመድኩት ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ነው። ስለዚህ እዚህ አገር መጥቼ ሰርፍ ስጀምር ሞገድ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ጣና ጠዋት ጠዋት እንደ መስታወት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ይናወጣል። ጀልባ ነጂዎቹ ወደ ገዳማቱ በጠዋት መሄድ የሚወዱት ለዚህ ነው። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰውም ይህን ያውቃል። ነፋስ ካለ ሞገድ አለ፣ ነፋስ ከሌለ ሞገድ የለም። ሐይቅ ላይ ይህ እውነት ነው። የጣና ሞገድ እዚያው ተወልዶ እዚያው ይሞታል። አንዱ ሄዶ ሌላው እስኪመጣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው።

ውቅያኖስ ላይ ግን ይህ እውቀት ጎድቶኛል።

አንድ የሐምሌ ጠዋት ነበር። ትንበያው "3 ጫማ፣ 17 ሰከንድ፣ ከደቡብ" ይላል። 3 ጫማ ማለት 1 ሜትር ገደማ ነው። እኔ ያየሁት 3 ጫማውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ቁጥር ዓይኔ ዘለለው። ስደርስ ነፋስ የለም፣ ውሃው ተኝቷል። ለአምስት ደቂቃ ያህል አየሁ፣ ምንም የለም። ገባሁ። ባሕር በየቀኑ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ያን ጊዜ ውሃው እየጎደለ የነበረበት ሰዓት ነው፤ አለቱ ለላይኛው ውሃ ቅርብ ነበር። ገና እየቀዘፍኩ ሳለ ከፊቴ ያለው አድማስ ከፍ ሲል አየሁት። በሌላ ቃል ልገልጸው አልችልም፤ መስመሩ ራሱ ተነሳ። የመጀመሪያው ሞገድ ከቁመቴ በላይ ሆኖ እላዬ ላይ ወደቀ። ከሥሩ ስወጣ ሁለተኛው ደረሰ። አየር ሳልስብ ሦስተኛው መጣ። እግሬን ድንጋዩ ተልትሎታል፣ የቦርዴ ክንፍ ተገንጥሏል። አሸዋው ላይ ወጥቼ ስንቀጠቀጥ አንድ ሽማግሌ ሰርፈር ፎጣ ይዘው መጡና እግሬን አሰሩልኝ። ከዚያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ከመግባትሽ በፊት ስንት ደቂቃ አየሽው?"

አገራችን "እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ" ይላል። ልጅ ሆኜ ስሰማው ስለ ሰው የተባለ ነበር የሚመስለኝ። ያን ቀን ስለ ውሃም እንደሆነ ገባኝ።

17 ሰከንድ ማለት አንዱ ሞገድ አልፎ ሌላው እስኪመጣ ያለው ጊዜ ነው። ትንሽ ቁጥር ይመስላል፣ ግን ሁሉም ነገር እሱ ውስጥ ነው። ሰከንዱን በራሱ አባዝታችሁ ውጤቱን በ1.56 ብታባዙት፣ ጥልቅ ባሕር ላይ ከአንዱ ሞገድ አናት እስከ ቀጣዩ አናት ያለውን ርቀት በሜትር ታገኛላችሁ። 8 ሰከንድ ከሆነ 100 ሜትር ነው። 17 ሰከንድ ሲሆን ግን 450 ሜትር ይደርሳል። ሞገድ ደግሞ ታች ያለውን መሬት መንካት የሚጀምረው ጥልቀቱ የርዝመቱ ግማሽ ሲሆን ነው። የ8 ሰከንዱ ከ50 ሜትር ጥልቀት ጀምሮ ነው መሬት የሚነካው፤ የ17ቱ ከ225 ሜትር ጀምሮ። እንግዲህ ሁለቱም "3 ጫማ" ናቸው። አንዱ ሪፉ ላይ ወገቤ ድረስ ይመጣል፣ ሌላው ከራሴ በላይ ይቆማል። ውስጡ የያዘው ጉልበት አንድ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ትንበያው ላይ የሚጻፈው ከፍታ የሁሉም ሞገዶች አማካይ አይደለም። ከሞገዶቹ መሐል ትልልቆቹን አንድ ሦስተኛ ለይተው የእነሱን አማካይ ነው የሚጽፉት። ስለዚህ ከተጻፈው የሚበልጥ ሞገድ በየሰዓቱ ይመጣል፤ አልፎ አልፎ እጥፍ የሚጠጋም አለ። ይህን ማንም ሳይነግረኝ ሁለት ዓመት ሰርፍ አድርጌያለሁ።

ከየት ነው የሚመጣው? እኔን በጣም የሚገርመኝ ይህ ነው። እዚህ ካሊፎርኒያ በጋ ሲሆን በዓለም ደቡባዊ ክፍል ክረምት ነው። ከኒውዚላንድ በታች፣ ወደ አንታርክቲካ ባለው ባሕር፣ ብርቱ አውሎ ነፋስ ለቀናት ይነፍሳል። ነፋሱ በበረታ፣ በቆየና በሰፊ ውሃ ላይ በተጓዘ ቁጥር ሞገዱ ይረዝማል፤ ከአናት እስከ አናት ያለው ርቀት ማለቴ ነው። ከዚያ ሞገዱ ነፋሱን ትቶ ጉዞ ይጀምራል። ፍጥነቱን ለማወቅ ሰከንዱን በ2.8 አባዙት፤ የ17 ሰከንድ ሞገድ መንጋ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። መንገዱ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዘጠኝ ቀን ይፈጅበታል። እኔ የሌሊት እረፍቴ ላይ በስልኬ የደቡብ ፓስፊክን የነፋስ ካርታ ሳይ የሥራ ባልደረቦቼ ይገረማሉ። ግን ዛሬ ማታ እዚያ ካርታ ላይ የሚሽከረከረው ነፋስ የሚቀጥለው ሳምንት ጠዋቴ ነው። ዊንዳንሲ ላይ ቅጠል ሳይንቀሳቀስ ከራስ በላይ ሞገድ የሚቆመውም በዚህ ምክንያት ነው። ነፋሱ ከዘጠኝ ቀን በፊት ነፍሶ አልቋል።

ይህን ያረጋገጠው ሰው እዚሁ ላ ሆያ ነው የኖረው። ዋልተር ሙንክ ይባላል። ቪየና ተወልዶ ስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ውስጥ ዕድሜውን የፈጀ ሳይንቲስት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከሃራልድ ስቨርድሩፕ ጋር ሆኖ የሞገድ ትንበያ ዘዴ አወጣ። ወታደሮች በጀልባ ዳርቻ ላይ ሲወርዱ ሞገዱ እንዳይገለብጣቸው ቀኑን ለመምረጥ ነበር የተፈለገው። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር ከኒውዚላንድ እስከ አላስካ መለኪያ ጣቢያዎች ዘርግቶ፣ ከደቡብ የተነሳ ሞገድ ፓስፊክን ሙሉ አቋርጦ ሲሄድ ተከታተለው። ረጅሙ ሞገድ በመንገዱ ላይ ብዙም ጉልበት እንደማያጣ ታየ። ሙንክ እ.ኤ.አ. በ2019 በ101 ዓመቱ አረፈ። ዛሬ እኔ ከመኝታዬ ሆኜ የማያቸው ከላ ሆያ ወደ ሰሜን፣ ቶሪ ፓይንስ በሚባለው ቦታ ባሕሩ ላይ ያለው ተንሳፋፊ መለኪያ ቁጥሮች የሚመጡት ከዚያው ተቋም ነው። በነፃ ነው፣ ማንም ሊያየው ይችላል። ትንበያ ሰው ያሰበው ነው፤ መለኪያው ግን አሁን ባሕሩ ላይ ያለውን ነው የሚነግራችሁ። ሁለቱ ካልተስማሙ መለኪያውን እመኑ።

ሩቅ የመጣ ሞገድ ሌላም ባሕርይ አለው። እየተቧደነ ነው የሚመጣው። አምስት ስድስት ትልልቅ ሞገዶች ተከታትለው ይመጡና ከዚያ ጸጥ ይላል። ጸጥታው አሥራ አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴም ሃያ ሊቆይ ይችላል። ያን የሐምሌ ቀን አምስት ደቂቃ አይቼ የገባሁት በጸጥታው መሐል ነው። ሽማግሌው የጠየቁኝ ይህን ነበር። አሁን ሰከንዱ ከ14 በላይ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ሳልቀመጥ አልገባም። ሰዓቴን እይዛለሁ፣ ቡድኖቹን እቆጥራለሁ፣ የት ላይ እንደሚሰበሩና ሰው በየት በኩል እንደሚወጣ አያለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ይጠቅማል። ላ ሆያ ሾርስ የሚባለው ዳርቻ ብዙ አበሻ ቅዳሜና እሁድ ልጆቹን ይዞ የሚሄድበት ነው። ከዊንዳንሲ በመኪና አሥር ደቂቃ ነው። ዊንዳንሲ ሲያገሳ እዚያ ደቡብ ጫፍ ላይ ልጆች ጉልበታቸው ድረስ ገብተው ይጫወታሉ። ምክንያቱ ባሕሩ ሥር ያለ ትልቅ ሸለቆ ነው። ሸለቆው ዳርቻው አፍንጫ ሥር ድረስ ይመጣል። ሞገድ በጥልቅ ውሃ ላይ ይፈጥናል፣ በጥልቀት አልባው ላይ ይዘገያል። ስለዚህ ሸለቆው አናት ላይ ሲደርስ ወደ ሁለቱም ጎን ይታጠፍና ይበተናል። የተበተነው ጉልበት ደግሞ ሌላ ቦታ ይጠራቀማል። ትንሽ ወደ ሰሜን ያለው ብላክስ ቢች በዚህ ምክንያት ከጎረቤቶቹ ሁሉ ትልቅ ሞገድ አለው። ይህ መታጠፍ በረጃጅሞቹ ሞገዶች ላይ ይበረታል። ስለዚህ "ባለፈው ሳምንት ሾርስ ላይ ተጫውተናል፣ ዛሬ ብላክስ እንሂድ" አይባልም፤ ያው ባሕር ነው፣ ግን ያው ውሃ አይደለም።

ነፋሱን ባጭሩ ልናገር። ጠዋት ከመሬት ወደ ባሕር ቀስ ብሎ ይነፍሳል ወይም ጭራሽ የለም፤ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲሞቅ ከባሕር ወደ እኛ ይዞርና ውሃውን ያተራምሰዋል። ዊንዳንሲ ላይ ኬልፕ የሚባለው ረጅም የባሕር ሣር ትንሽ ያስታግሰዋል እንጂ አያቆመውም። በመጸውና በክረምት ሳንታ አና የሚሉት ደረቅ የበረሃ ነፋስ ከምሥራቅ ሲመጣ ባሕሩ ያምራል። ግን ያ ነፋስ የሰደድ እሳት ነፋስም ነው፣ ቤቱን ያጣ ሰው አውቃለሁና በደስታ ልጠብቀው አልችልም።

ዝናብ ከጣለ ደግሞ 72 ሰዓት ውሃ ውስጥ አይገባም። የመንገዱ ቆሻሻ በሙሉ የሚወርደው ወደ ባሕር ነው። ካውንቲው፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ራሱ የሚመክረው ይህንን ነው። እኔ ሆስፒታል ነው የምሠራው፤ እባካችሁ ይህቺን አትናቁ።

እናቴ ባሕር ዳር ሆና ስትደውል ድሮ "ልጄ፣ ነፋስ አለ?" ነበር የምትለኝ። የእግሬን ታሪክ ከነገርኳት ወዲህ "ስንት ሰከንድ ነው?" ትላለች። ዛሬ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ "እንቅልፍስ ተኝተሻል?" አለችኝ። አልተኛሁም ነበር።

ዛሬ ያልገባሁት እንግዲህ በሦስት ነገር ነው። መለኪያው 3 ጫማ በ17 ሰከንድ ይላል፣ ልክ እንደዚያ ቀን። በበጋ ትልቁ የውሃ ጉድለት የሚውለው በማለዳ ነው፣ እኔ ስደርስም አለቱ በሞገዶቹ መሐል እየተገለጠ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሜ ስላደርኩ ክንዴም የእኔ አልነበረም። ሁለተኛው ቡድን ሲመጣ ሰዓቴን አየሁ፣ ከመጀመሪያው አሥራ ስምንት ደቂቃ ቆይቶ ነው የመጣው። ፈጣንና ጎበዝ የሆኑ አራት ልጆች ውሃው ውስጥ ነበሩ። አንዱ የያዘው ሞገድ እስካሁን ዓይኔ ላይ ነው።

ነገ እረፍት ነኝ። ረጃጅሞቹ ሞገዶች ቀድመው ስለሚደርሱ ሰከንዱ ነገ ወደ 15 ይወርዳል። ጉድለቱም ከዛሬው አንድ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ስለሚሆን ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ውሃው እየሞላ ነው። ነፋሱ እስከዚያ ካልተነሳ አንድ ሰዓት ተኩል አገኛለሁ። ፔርሙሱን አጥቤ በር ላይ አስቀምጫለሁ፣ አሁን ልተኛ።