ከከንቲባው ወደ ጋሼ

ዛሬ ሰው ማናገር አላሰኘኝም። ስልኬን አጥፍቼ «ብላክ ሞንክ ታይም» የሚባለውን አልበም ደጋግሜ ሰማሁ። «ዘ ሞንክስ»፣ ማለትም «መነኮሳቱ» የሚባል የሮክ ባንድ ሥራ ነው።

ልጆቹ አምስት አሜሪካዊ ወታደሮች ነበሩ። ባንዱን የመሠረቱት ምዕራብ ጀርመን ሰፍረው ሳለ ነው፤ ከሠራዊቱ ሲሰናበቱም እዚያው ቀሩ። ጥቁር ለበሱ፣ መሃል አናታቸውን ተላጩ፣ አንገታቸው ላይ ገመድ አሰሩ። የኛ መነኩሴ ቆብ ይደፋል እንጂ እንዲህ አይላጭም፤ የአውሮፓዎቹ ግን ድሮ እንዲህ ነበሩ። ሸክላው በፈረንጆች 1966 ጀርመን ውስጥ ወጣ። አሜሪካ ውስጥ ያኔ አልወጣም።

ድምፁን እንዴት ልንገራችሁ? ጊታሩን ወደ ድምፅ ማጉያው ሲያስጠጉት የሚያወጣውን ጩኸት ሌላው ሲሸሸው እነሱ ሙዚቃ አደረጉት። ባንጆ የሚባለው የጊታር ዘመድ ዜማ አይጫወትም፤ ከከበሮው እኩል ምት ይመታል። ኦርጋኑ ያብዳል። ገና በመጀመሪያው ዘፈን ድምፃዊው ስለ ቬትናም እየጮኸ ይጠይቃል፤ ለምን ትገድላላችሁ ይላል። የደንብ ልብሱን ካወለቀ ብዙም አልቆየም። እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌ ሆዴ ይላወሳል። ማስመሰል የሚባል ነገር የለበትም።

በ1967 ተበተኑ። ድምፃዊው ጋሪ በርገር ከብዙ ዓመት በኋላ ሚኒሶታ ውስጥ ተርትል ሪቨር የምትባል ትንሽ ከተማ ከንቲባ ሆነ። ከንቲባ! ስብሰባ ሲመራ አጠገቡ የተቀመጡት ያን ጩኸት ሰምተውት ያውቁ ነበር?

ይሄን ሳስብ ጋሼ ትዝ አለኝ። እሱም በወጣትነቱ የጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ውስጥ ሳክስፎን ይነፋ ነበር። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ስመ ጥር የሚባሉት ባንዶች የወታደርና የፖሊስ ነበሩ፤ ጥላሁን ገሠሠ ራሱ ክቡር ዘበኛ ውስጥ ዘፍኗል። ጋሼ አሁን የእድራችን ዳኛ ነው። ሳክስፎኑ የመንግሥት ስለነበር ሲሰናበት አስረክቦ ወጣ። እሱ የነፋበት አንድ ካሴት እንኳ ቤታችን የለም። እናቴ «ሰው ያስለቅስ ነበር» ትልና ወሬ ትቀይራለች።

ሞንክሶቹ በ1999 ኒውዮርክ ላይ ተሰባስበው እንደገና ተጫወቱ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚፈልጋቸው ሰው የተገኘው ሸክላው ስለነበረ ነው። ጋሼን በምን ይፈልጉታል?

እሁድ ለቡና ይመጣል። አልበሙን ላሰማው አስቤያለሁ። ጩኸት አይወድም፤ ግን ወታደር ነበር፣ እኔ የማልሰማው የሚሰማው ነገር ይኖራል። ከዚያ ስለ ሳክስፎኑ ልጠይቀው? ወይስ እስከ ዛሬ ዝም ያለው ማንም እንዳይጠይቀው ፈልጎ ነው?