ሂውማን ሄር አሰፍቶ እንቅልፍ መተኛት

ፀጉር ቤት ገብታችሁ ሂውማን ሄር ስታሰፉ ወሬው ሁሉ ስለ ፀጉሩ ነው። ስንት ኢንች ነው? የህንድ ነው? ይተኮሳል? ከሥር በራሳችን ፀጉር ስለሚሠራው፣ ሂውማን ሄሩ ስለሚሰፋበት ሹሩባ የሚጠይቅ የለም። እኔን ግን ያሠቃየኝም በኋላ ያሳረፈኝም እሱ ነው።

የለመድኳት ሠሪ ፒያሳ ነበረች። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ እሷም ሄደች፣ እኔም አራት ኪሎ ሌላ እጅ ሞከርኩ። እጅ ደግሞ ይለያያል። ጥር ላይ ነው፣ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ደርሷል። አዲሷ ሠሪ ፈጣን ናት፣ ጨዋታዋም ደስ ይላል። «ቻይው የኔ ቆንጆ፣ አለቀ» እያለች ጥብቅ አድርጋ ጎነጎነችው። ማታ ጭንቅላቴን ትራስ ላይ ማሳረፍ አቃተኝ። ቅንድቤ ወደ ላይ ተስቦ የደነገጠ ሰው መስያለሁ፣ የሠርጉ ፎቶ ላይ ይታያል። በነጋታው ግንባሬ ዳር ጫፋቸው ነጭ የሆነ ጥቃቅን ብጉር ወጣ። እናቴ አየችኝና «ፀጉርሽን ነው ቆዳሽን የጎነጎነችው?» አለች።

«ትለምጂዋለሽ» ይባላል። ሕመሙ እኮ የሚነግረን ነገር አለ። ያለማቋረጥ የሚሳብ ሥር ይዳከማል። ቶሎ ከተላቀቀ መልሶ ይበቅላል፣ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ጠባሳ ይሆንና በዚያው ይቀራል። ቀድሞ የሚሸሸው የግንባር ዳርና ከጆሮ በላይ ያለው ነው።

እንዲጠብቅ የምንለምነው ግን ብዙ ጊዜ ራሳችን ነን። ዋጋው ቀላል አይደለማ! «እንዲቆይልኝ ጠበቅ አድርጊው» እንላለን። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። የፈለገ ቢጠብቅ ስፌቱ ከራስ ቅል እየራቀ መላላቱ አይቀርም። ሕመሙን ተሸክመን የምናተርፈው ቀን የለም።

አሁን ሹሩባው ሲሠራ ቅንድቤን ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ። ግንባሬ ከተያዘ «የኔ እህት፣ ይቺን ፍቺና ድገሚልኝ» እላለሁ። ፊቷን ቋጠር ታደርጋለች፣ ታደርግ። ዳር ዳር ያለውን ለስላሳ ፀጉር አላስነካም። ርዝመቱንም ቀነስኩ፤ ወገብ የሚደርስ ፀጉር ክብደቱን የሚሸከመው ያው ቀጭኑ የራሴ ፀጉር ነው። ለአንድ ቀን ዝግጅት ከሆነ ባለ ክሊፑን አደርጋለሁ፣ ማታ ይወልቃል።

ማሳከኩ ሌላ ጣጣ ነው። ታክሲ ውስጥ ጭንቅላቷን በመዳፏ መታ መታ የምታደርግ ሴት ካያችሁ፣ አሰፍታ ነው። ጥፍር አይገባላትም። በእስክሪብቶ ጫፍ የምታክም አለች፣ ቆዳ ይልጣል፣ ይቅርባችሁ። እኔ ሻምፑ በውኃ አቅጥኜ ሹል አፍ ባለው ጠርሙስ በሹሩባው መሀል መሀል አፈሳለሁ። ካጠብኩት በኋላ ካስክ ውስጥ ረዘም አድርጌ እቀመጣለሁ። ላዩ ደርቆ ሥሩ እርጥብ ከሆነ ይሸታል፣ ሽቶም አይሸፍነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭራሽ አላሰፋም፤ በዚያ ዝናብና ብርድ የሚደርቅ ነገር የለም።

ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ እፈታዋለሁ። ስትፈቱት እፍኝ ሙሉ ፀጉር ይወጣል፣ አትደንግጡ። ከጭንቅላታችን በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፋል፤ ተጎንጉኖ ስለነበር መውደቂያ አጥቶ ነው። በ6 ሳምንት ከ2,000 በላይ ማለት ነው። የሚያሳስበው ዳር ላይ የሳሳ ቦታ ነው። እሱን ካያችሁ ሌላ ከማሰፋት በፊት የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ከዚያ ፀጉሬን ለተወሰነ ጊዜ አሳርፈዋለሁ። እናቴ ይህን ጊዜ ነው የምትጠብቀው፣ ቅቤዋን ይዛ ትመጣለች። ከስፌት ሥር ቅቤ አይታጠብም ብዬ ስከለክላት ከርሜያለሁ። ቅዳሜ ትቀባኛለች፣ እሑድ ማታ ይታጠባል። ሰኞ ቢሮ ቅቤ ቅቤ እየሸተትኩ አልገባም።