ነጭ ነጠላና የፊት ብርሃን

ዛሬ ከቤተሰባችን የክርስትና ድግስ ላይ የተነሡትን ፎቶዎች በስልኬ፣ ስናፕሲድ በተባለው የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ፣ ሳስተካክል ዋልሁ። እናቶቻችን ነጭ ነጠላ ለብሰው በቀትር ፀሐይ ሲነሡ ካሜራው የልብሱን ንጣት ተከትሎ አጠቃላይ ብርሃኑን ስለሚቀንስ ፊታቸው ይጨልማል፤ ብዙ ሰው ታዲያ ምስሉን በሙሉ ያበራና የጥለቱን ውበት ያጠፋዋል። እኔ በመጀመሪያ የደመቀውን ክፍል ብቻ የጥለቱ ክር እስኪለይ ድረስ ዝቅ አደረግሁ፤ ቀጥሎም ጥላ ያረፈበትን ክፍል በጥቂቱ ከፍ አድርጌ ፊቶቹን አወጣሁ። ጄፔግ በሚባለው በተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት እያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም (ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ) ከ0 እስከ 255 ባለው የብርሃን ደረጃ ስለሚመዘገብ፣ በሁሉም ቀለም 255 ላይ ደርሶ የነጣ ቦታ ዝርዝሩ ጠፍቷልና በምንም ማስተካከያ አይመለስም፤ በጥላ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የተደበቀ ነገር ይገኛል። ስለዚህ ነጭ የለበሰ ሰው ስታነሡ ገና ከመነሻው ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱት።

ሰማያዊው የድንኳን ሸራ በፊቶች ላይ የጣለውን ቀለም፣ ነጠላውን መለኪያ አድርጌ ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ በሚያደርገው የነጭ ሚዛን ማስተካከያ አስወገድሁ። ቆዳ የሚያለሰልሰውንና የሚያቀላውን ማጣሪያ ግን ፈጽሞ አልነካሁትም፤ የአያቴ የአንገት ንቅሳትና በፊታቸው ላይ ያሉት መስመሮች የእርሳቸው ናቸውና እንደነበሩ እንዲታዩ እፈልጋለሁ። ዋናዎቹን ፋይሎች አስቀምጬ የተስተካከሉትን ቅጂዎች ለቤተሰቡ በቴሌግራም ላክሁ፤ ጥራታቸው እንዳይቀንስም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ነው የላክኋቸው።