«ይለቃል ወይ?»

ስዊድን ገጠር ውስጥ ባለ የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት፣ ክርና ጨርቅ በዕፅዋት ቀለም መንከር አስተምራለሁ። እዚያ ተማሪዎቼ በርች የሚባል ዛፍ ቅጠል የተቀቀለበት ድስት ሲከፈት ይንጫጫሉ። ክሩ አንዱ ጋ ደመቅ፣ ሌላው ጋ ፈዘዝ ካለ ጭራሽ ይወዱታል።

ዘንድሮ ለእረፍት ድሬ ስገባ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ማሰልጠኛ ሦስት ቀን እንዳስተምር ጠየቀኝ። ከፊራ ገበያ ሄጄ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ለመንኩ። «አቦ፣ ሽንኩርቱን ትተሽ ልጣጩን?» ብለው ሳቁብኝ። ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ በነፃ ባጃጅ ላይ ጫንኩ።

ገና ማብራሪያዬን ሳልጨርስ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ይለቃል ወይ?»

ስዊድን ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም።

«አይለቅም» አልኩ በድፍረት።

ለቀቀ። ያውም በመጀመሪያው እጥበት።

ጥፋቱ የኔ ነው። የለመድኩት ሱፍ ነው፤ ለ1 ኪሎ 150 ግራም አሉም (ቀለሙን ከክሩ ጋር የሚያያይዝ ጨው) ካገኘ ቀለሙን እሺ ብሎ ይይዛል። ጥጥ ግን መጀመሪያ እንደ ሻይ ታኒን (አፍ የሚያጣብቅ ንጥረ ነገር) ባለው ነገር ካልተዘፈዘፈ አሉሙን በደንብ አይዝም። ይህን አጥቼው አይደለም፤ ሰዓት ለማትረፍ ዘልዬው ነው። በማግስቱ ወፍራም ሻይ ያለ ስኳር አፍልተን ጨርቁን አሳደርነው። ሦስተኛው ቀን ላይ፣ አሉሙም ልጣጩም በተራ ከገቡ በኋላ፣ ወርቃማ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ታጠበ። ውሃው ከሞላ ጎደል ጥርት አለ። እፎይ!

በእርድም ነክረን ነበር፤ በሱ ደግሞ እኚያው እናት ቀደሙኝ። የቢጫውን ጨርቅ ጫፍ በሳሙና ሲያሹት ቀላ። «አልጫ የፈሰሰበት ነጠላ እንዲህ ነው የሚሆነው» አሉ። ስለ አሲድና አልካላይ ያዘጋጀሁት ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ቀረ።

ፀሐዩን ለብቻዬ ሞከርኩት። የሁለቱንም ቀለም ቁራጮች ግማሻቸውን በካርቶን ሸፍኜ እናቴ ግቢ ገመድ ላይ ሰቀልኳቸው። በአምስተኛው ቀን ካርቶኑን ስገልጥ፣ የእርዱ ፀሐይ ያየው ወገን ገርጥቶ የታመመ መስሏል። የሽንኩርቱ ግን ድንበሩ አስተውለው ካላዩት አይታይም።

ከመመለሴ በፊት ቁራጮቹን ለእኚያ እናት ወሰድኩላቸው። ወደ ብርሃኑ ይዘው አገላበጧቸው።

«የሽንኩርቱን ስንት እንሽጠው?» አሉኝ። «እርዱን ለወጥሽ ተዪው።»